«ቅሬህ የት ነው?»

ይህን ንግግር ያደረግኩት ደሴ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። «ጽፈህ ስጠን» ያሉኝ ሰዎች ስለበዙ፣ የተንዛዛውን ቀነስ አድርጌ እንደተናገርኩት አቀረብኩት። መጨረሻ ላይ የተጠየቅኩትንም አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በሩ ጋ የቆማችሁ ገባ በሉ። የደሴ ንፋስ ቀልድ አያውቅም።

የተሰጠኝ ርዕስ «የቋሚ መኖሪያና የሕጋዊ ነዋሪነት ትርጉም» ይላል። ርዕሱን ያወጣው ሰው አይቀየመኝና፣ እንዲህ ያለ ርዕስ ሰው ያስተኛል። ስለዚህ በራሴ ጉድ ልጀምር።

ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ቤተሰቤ ደሴ፣ ሆጤ። ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ እነሳለሁ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ካፖርቱ ክንዴ ላይ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ500 ሜትር በላይ ያወርዳል። ክረምት ላይ ጉም ሲሸፍነው ሾፌሩ ራሱ በጸሎት ነው የሚነዳው። ለእንዲህ ያለው ቀን ብዬ ከቢሮዬ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ጀበና። በሳምንት ሁለት ሌሊት አድርባታለሁ።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ፎርም ሰጡኝ። ስም ሞላሁ፣ ዕድሜ ሞላሁ። «ቋሚ አድራሻ» የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ፎርም ሳስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ! ልጅቷ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝና «ጋሼ፣ ዝም ብለው ቤት ያለዎትን ቦታ ይጻፉ» አለችኝ።

ችግሩ እሱ ነው። ቤት የለኝም። ሆጤ ያለው ቤት እናቴ የተከራየችው የቀበሌ ቤት ነው። በመዝገቡ ላይ እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ደባል ነን። አዎ፣ ሳቁ! ደባል ጠበቃ።

ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ አጫወትኳት። ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ቅሬህ የት ነው?» አለችኝ።

«እዚሁ ነዋ»

«ታዲያ እዚያ አትጽፈውም? ምን ይሄን ያህል ያስጨንቅሃል?»

ከሌላ አገር የመጣችሁ ካላችሁ፣ ቅሬ ማለት ሌላው ሰው እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ይገባል። ሰው ሲሞት ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቡና ይፈላል። እናቴ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። መልሷ ግን ለሕጉ በጣም ይቀርባል። እንዴት እንደሚቀርብ ላሳያችሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ነው የወጣው። ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው። ከአንቀጽ 174 ጀምሮ ስለ መኖሪያ ይናገራል። ሁለት ነገሮችን ይለያል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እነዚህን ሁለቱን እየቀላቀለ ነው።

የመጀመሪያው መኖሪያ ነው። ዘወትር የምትኖርበት ቦታ። ለለቅሶ ወይም ለሰርግ መጥተህ ሳምንት ብትቆይ ነዋሪ አትባልም። ከሦስት ወር በላይ ከቆየህ፣ ወይም ከሦስት ወር በላይ ልትቆይ ከመጣህ ግን መኖሪያህ ነው። የቤቱ ባለቤት ሁን፣ ተከራይ ሁን፣ አክስትህ ቤት ሶፋ ላይ ተኛ፣ ሕጉ ጉዳዩ አይደለም። ደግሞ መኖሪያ ከአንድ በላይ ሊኖርህ ይችላል። እኔ ሁለት አለኝ።

ሁለተኛው እኛ የሕግ ሰዎች መደበኛ መኖሪያ የምንለው ነው። አንቀጽ 183 ላይ ታገኙታላችሁ። በቀላል አማርኛ፣ ሥራህና ጥቅምህ፣ ማለትም የሕይወትህ ማዕከል ያለበት፣ ደግሞም «እዚህ ነው በቋሚነት የምኖረው» ብለህ ያሰብክበት ቦታ ነው። ይሄኛው እንደ መኖሪያ ሁለት ሦስት አይሆንም። አንድ ብቻ ነው። አዲስ እስክትመሠርት ድረስ ደግሞ የድሮው አይለቅህም።

ታዲያ እንደኔ ሥራው አንድ ከተማ፣ ቤተሰቡ ሌላ ከተማ የሆነስ? ይህም ተጽፏል። አጠራጣሪ ሲሆን የሚያደላው ሥራ ወዳለበት አይደለም፤ የቤተሰብና የማኅበራዊ ኑሮ ወዳለበት ነው። እንግዲህ ፈረንሳዊው ሰውዬ በሕግ ቋንቋ ያሉትን እናቴ በሦስት ቃል ጨረሰችው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚህ ሁሉ ውስጥ «የቤት ባለቤት» የሚል ነገር ሰማችሁ? የለም። እኛ አገር ግን «ቤት የለኝም፣ ስለዚህ የትም ነዋሪ አይደለሁም» የሚል ሰው ሞልቷል። ሰው ራሱን ከከተማው ይሰርዛል። በስብሰባ አይናገርም፣ አቤት አይልም፣ ለመምረጥ አይመዘገብም። ለመምረጥ የሚጠየቀው እኮ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ነው። የቤት ካርታ አምጣ አይባልም።

ካርታ ካነሳን አይቀር፣ ካርታ ያለውስ ቢሆን «ቋሚ» የሚለው ምን ያህል ነው? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። 99 ዓመት ለአንድ ሰው ይበቃል አትሉኝም? ይበቃል። እኔ የምለው፣ ማንም ሰው ቋሚነትን ከወረቀት አያገኝም ነው። አባቶቻችን «የዘላለም ቤት» የሚሉት ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚቆፍርልህ ቅሬ ነው።

ደባል የሚለው ቃል ከየት መጣ? ሐምሌ 1967 ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። እናቴ የገባችው ከነዚያ በአንዱ ነው። ቤቱ በስሙ የተመዘገበው ሰው ተከራይ ይባላል። አብሮት የሚኖረው ደባል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ደባል የሆነው ሰው ወልዶ፣ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ቃሉ ግን አሁንም እንግዳ ያስመስለዋል። እኔ በዚያች ግቢ ነው ጥርሴን የነቀልኩት። ጥርሴን ጣሪያው ላይ ወርውሬዋለሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲንከባለል ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። መዝገቡ ግን ደባል ይለኛል። ይበለኝ! ደባል ማለት በቤቱ ላይ ያለህን መብት የሚመለከት ነገር ነው። ነዋሪነትህን አይነካም።

ይህን የማያውቁት አከራዮችም ናቸው። ቢሮዬ ከሚመጣው ጉዳይ ብዙው እንዲህ ነው። ልጅቷ ተከራይታለች። መታወቂያ ማውጣት ትፈልጋለች። ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ አምጥታለች። አዲሱ ቀበሌ የቤት ቁጥርና የአከራይ ፊርማ ይጠይቃታል። አከራይዋ አልፈርምም ይላሉ። ለምን? «ነገ ቤቱ የኔ ነው ብትልስ?» እማማ፣ አትልም። ብትልም አይሰማትም። ሰው በቤት ውስጥ ስለኖረና ስለተመዘገበ ባለቤት አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ጭራሽ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። አዋጁ በየክልሉ በሚመረጡ ከተሞች ነው የሚሠራው። መንፈሱ ግን ግልጽ ነው፤ ተከራይ ይታወቅ ነው የሚለው። የፋይዳ መታወቂያ ስላለኝ በቃኝ የምትሉም አላችሁ። ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል። የት ቀበሌ ነዋሪ እንደሆንክ መመስከር ግን ሌላ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ኢቃማ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳዑዲ ወይም ሌላ ዓረብ አገር እህት፣ ልጅ፣ የእህት ልጅ የሌለው እጁን ያውጣ። አያችሁ? ወሎ ማለት ይሄ ነው። ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። ሕጋዊ ነዋሪ ያደርግሻል። ግን ከካፊሉ፣ ማለትም ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ከእሱ ቤት ከወጣሽ ወረቀቱም ዋጋ ያጣል። ሕጋዊ መኖሪያ አለሽ፤ ሌሊት የምትተኚበትን ክፍል ግን ራስሽ አልመረጥሽም።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። በየወሩ ስትልክ ስትልክ ኮምቦልቻ ላይ ቤት አሠራች። ባለ ሁለት ክፍል፣ ሴራሚክ የተነጠፈ፣ በሩ አረንጓዴ። ቤቱን ያየችው በቪዲዮ ነው። ወንድሟ ስልኩን ይዞ እየዞረ «ይቺ ሳሎን ናት፣ ይቺ ያንቺ መኝታ ናት» ሲላት እሷ ወጥ ቤት ቆማ፣ ድምፅ እንዳይሰማባት አፏን በሻርፗ ይዛ ታለቅስ ነበር። ቤት አላት፤ አትኖርበትም። የምትኖርበት አላት፤ ቤቷ አይደለም። ታዲያ መደበኛ መኖሪያዋ የት ነው?

ሕጉ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ሰው ዘወትር በሚኖርበት ቦታ በቋሚነት ሊኖር እንዳሰበ ይገመታል ይላል። «አይ፣ እኔ ልመለስ ነው ያሰብኩት» ካልሽ ሁለት ነገር ይጠይቅሻል። ሐሳብሽ በበቂ ሁኔታ የተለየና ግልጽ ይሁን። ደግሞ የተንጠለጠለበት ነገር በተለመደው የነገሮች አካሄድ የሚደርስ ይሁን። እንግዲህ «ኮንትራቴ ሲያልቅ እመለሳለሁ» ያለች ልጅ ትሰማለች። ኮንትራት ያልቃል። የሁለት ዓመት ኮንትራት ሁለት ዓመት ሲሞላው ያልቃል። «ሀብታም ስሆን እመለሳለሁ» ያለችውስ? ዳኛው ፈገግ ይላል። ሀብታም መሆን በተለመደው የነገሮች አካሄድ የሚደርስ ነገር አይደለም። ቢሆን ኖሮ እኔም እዚህ ባልቆምኩ!

ደንበኛዬን ይህን ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እኔ ኮንትራት ሲያልቅ ነበር የምለው። ሦስት ጊዜ አደስኩት።» ሰው ልቡ አንድ ቦታ ሆኖ ዓመቱ ሌላ ቦታ እንደሚያልፍበት የተረዳሁት ያን ቀን ነው። አሁን ተመልሳለች። አረንጓዴውን በር ግን ቀይራዋለች፤ «በቪዲዮ ነው የሚያምረው» ብላ።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅመናል የሚል ይኖራል። ለሞት ይጠቅማል። አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ ነበራቸው። ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ስምንት ወር ቆይተው እዚያው አረፉ። ልጆቹ ሳልስቱ ሳይወጣ ተጣሉ። አንደኛው ውርሱ የሚከፈተው አዲስ አበባ ነው አለ፤ ሌሎቹ ደሴ ነው አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 ውርስ የሚከፈተው ሟች በሞቱበት ጊዜ ዋና መኖሪያቸው በነበረው ቦታ ነው ይላል። የሞቱበት ቦታ አይልም። ስምንት ወር መቆየታቸው አዲስ አበባ መኖሪያ እንዲኖራቸው አድርጓል። ግን ለሕክምና ነው የሄዱት፤ ሱቁም አልተዘጋም። ምን አመጣን መሰላችሁ? የቅሬ መዝገብ! ጥግ ጥጉ የተቀዳደደ፣ የቡና ጠብታ ያለበት ደብተር። ሽማግሌው ስምንቱንም ወር ከአዲስ አበባ መዋጮ ልከዋል። አንድ ወር ዘግይተው የቅጣቱንም ከፍለዋል። ያ ቅጣት ጉዳዩን ጨረሰው ብል ማጋነን አይሆንም። የማይመለስ ሰው ቅጣት አይከፍልም።

ስለ ባለትዳር ባጭሩ ልንካ። የ1952ቱ ሕግ ያገባች ሴት መኖሪያዋ ባሏ ያለበት ነው ይል ነበር። ያ አልፏል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ መኖሪያን ባልና ሚስት ተስማምተው ይወስኑ ይላል። ሴቶቹ አጨበጨባችሁ፤ ወንዶቹስ?

ስለ መፈናቀል ሳልናገር ብወርድ ውሸታም እሆናለሁ። በ2013 ክረምት በጦርነቱ ምክንያት ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያ የመጣው ሰው ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልቶ ነበር። ብርድ ልብስና እንጀራ ይዘን የሄድነው እኛ ነን። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ተራው የኛ ሆነ። ሐረጎ በሰው ተሞላ። እኔ የቢሮ ወረቀት በከረጢት ይዤ ወጣሁ። እናቴ መኪና ላይ ከወጣች በኋላ «የዚህን ወር ቅሬ ማን ይከፍላል?» አለችኝ። ተናድጄ ጮህኩባት። ማን ቀርቶ ነው የሚሰበስበው? አሁን ሳስበው ግን እሷ በራሷ መንገድ «እመለሳለሁ» ማለቷ ነበር።

እኛ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማችን ስትለቀቅ መመለስ ጀመርን። ያልተመለሰ ግን አለ። ሐይቅ አጠገብ ጃሪ የሚባለውን መጠለያ ታውቁታላችሁ። ከወለጋ የተፈናቀለ ገበሬ ዓመታት አሳልፎበታል። ይህ ሰው የት ነዋሪ ነው? ከሦስት ወር በላይ ኖሯል፤ ስለዚህ እዚህ መኖሪያ አለው። መታወቂያ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። መደበኛ መኖሪያውስ? ወዶ አልመጣም። እኖራለሁ ብሎ አላሰበም። ሌላ እስኪመሠርት የድሮው ይቆይለታል። «ሰላም ሲሆን እመለሳለሁ» ይላል። አሁን ያንን የሕግ ጥያቄ አስታውሱ። ሰላም በተለመደው የነገሮች አካሄድ የሚደርስ ነገር ነው? እኔ ዳኛ ብሆን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እውነቴን ነው። ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን እከድነዋለሁ።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። አገራችን በ2012 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት፣ ማለትም የአፍሪካ ኅብረት ስለ ተፈናቃዮች ያወጣው ስምምነት፣ ምርጫውን ለራሱ ለተፈናቃዩ ይሰጠዋል። መመለስ፣ እዚሁ መኖር፣ ወይም ሌላ ቦታ መስፈር። የጠፋበትን ሰነድ መተካትም የመንግሥት ግዴታ ነው። እንግዲህ «ተፈናቃይ ስለሆንክ መታወቂያ አንሰጥህም» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ተሳስቷል በሉት። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ።

ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ሦስት አራት ጥያቄ ተጠየቅኩ። አንዱን ብቻ እጽፋለሁ። ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። ቤተሰቧ ደላንታ ነው። «አራት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመታችን ነው» አለች። «አከራያችን ጥሩ ሰው ናቸው። ፈርሙልን ስንላቸው ግን እንቢ አሉ። መሸኛዬ ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ አርጅቷል። እኔ የት ነኝ?»

«ኮምቦልቻ ነሽ» አልኳት። «ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ይበልጣል።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ቅሬውስ?» አለችኝ። «እርስዎ ቅሬ ቅሬ ሲሉ ዋሉ። እኛን ተከራይ ናችሁ ብለው አላስገቡንም። አምና የአንዷ ጓደኛችን እናት ሲሞቱ ግን አከራያችን ድንኳን አስተከሉ፣ ለሦስት ቀን ቡና አፈሉ። ይሄ ምን ይባላል?»

መልስ አላገኘሁለትም። «አከራይሽን ሰኞ ቢሮ ይዘሻቸው ነይ» ብቻ አልኳት።

ሰኞ አልመጡም። ማክሰኞ መጡ። አከራይዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ገጽ ውል አነበብኩላቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ልጆቹን ደባል ብለህ ነው የምትጽፋቸው?»

«አይደለም፣ ተከራይ» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ አምጣው» አሉና እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ።